የወረቀቱን መስኮት ዘጋችሁ፣ ሲስተሙን ግን አላደሳችሁትም
ከባሕር ዳር የኢንተርኔትና የጽሕፈት ቤቶች የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች፣
ለሲስተም ክፍል ባለሙያዎችም ጭምር፣
ባሕር ዳር

በቅድሚያ ሰላምታችንን እናቀርባለን።

እኛ በባሕር ዳር ከተማ የኢንተርኔት፣ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ከፍተን የምንሠራ ሰዎች ነን። ከጊዮርጊስ አካባቢ እስከ ዓባይ ማዶ፣ ከፔዳ በር እስከ ቀበሌ 14 ድረስ አለን። የመሥሪያ ቤታችሁን ስም እዚህ ያልጻፍነው ፈርተን አይደለም። እናንተ ስታነቡት ታውቁታላችሁ። ደግሞም ይሄ ደብዳቤ ቢለጠፍባቸው የሚገባቸው ሌሎች በሮችም አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአዲሱ በጀት ዓመት ጀምሮ ማመልከቻም ሆነ እድሳት በኦንላይን ብቻ እንደሚስተናገድ የሚገልጽ ማስታወቂያ ለጠፋችሁ። የወረቀት ፎርም ይሰጥበት የነበረው መስኮት ተዘጋ። ኦንላይን መሆኑን አንቃወምም። ማን ይጠላል? ግን ሰው ሁሉ እንዲገባበት የታዘዘው ሲስተም ያው የድሮው ነው። ከተሠራ ወዲህ የዓርማው ቀለም ከመቀየሩ በቀር ማንም የነካው አይመስልም።

አንድ ነገር አስቀድመን እንናገር። በዚህ ችግር እኛ ገንዘብ እያገኘንበት ነው። ፎርም እንሞላለን፣ ፎቶ እናሳንሳለን፣ ስካን እናደርጋለን፣ የጠፋ ፓስዎርድ እናስመልሳለን። ሲስተማችሁ ባስቸገረ ቁጥር ወረፋው ወደ እኛ ይመጣል። ዝም ብንል ያዋጣን ነበር። ግን ስድቡም የሚመጣው ወደ እኛ ነው። ባለጉዳዩ ሰርቨራችሁን አያውቅም፤ የሚያውቀው ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠችውን ልጅ ነው። «ብሬን ወስዳችሁ አልላካችሁልኝም» ይላታል። እሷ ምን ትበል? «ሲስተም የለም» ትላለች። እናንተም የምትሉት እሱኑ ነው።

ከኛ ቤቶች በአንዱ «አያት» የምንለው ኮምፒውተር አለ። ዊንዶውስ 7 የተጫነበት፣ ሲነሳ እንደ ወፍጮ የሚጮህ አሮጌ ሳጥን ነው። ሌላ ሥራ የለውም። የተቀመጠው የናንተን ገጽ ለመክፈት ብቻ ነው። ምክንያቱም መጨረሻ ላይ ያለው «አትም» የሚለው ቁልፍ በክሮምም በፋየርፎክስም ቢጫኑት አይንቀሳቀስም። የተሠራው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ላይ ብቻ በሚሠራው፣ አክቲቭኤክስ በሚባል አሮጌ ቴክኖሎጂ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 ድጋፍ ያቆመው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 ነው። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን ደግሞ በጁን 2022 ጡረታ አውጥቶታል። እኛ ግን እናንተን ብለን ይዘነዋል። የደንበኛው መታወቂያ፣ ፎቶና የባንክ ደረሰኝ የሚያልፈው የደኅንነት አፕዴት ማግኘት ካቆመ ዓመታት ባለፉት በዚህ ማሽን ነው። ጎረቤት ያሉ ቤቶች ሳይቀሩ ደንበኛቸውን «አያት ጋ ውሰዱት» እያሉ ይልኩብናል። ይሄ እየተሳቀ የሚወራ ነገር ነው እንጂ የሚያስቅ አይደለም።

ወደ ስም እንምጣ። በሲስተማችሁ የቆዩ መዝገቦች ላይ የሰው ስም ሲከፈት አንዳንዱ የእንግሊዝኛ ፊደል ዝብርቅርቅ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ የጥያቄ ምልክት ድርድር ነው። ምክንያቱን እንገምታለን፤ እኛም በዚያ ዘመን ጽፈናል። ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ በሚባሉት የአማርኛ መጻፊያዎች ጊዜ የአማርኛው ቅርጽ የሚቀመጠው በላቲን ፊደል ኮድ ላይ ነበር። ፎንቱ ከሌለ ጽሑፉ የለም። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደሎች የጋራ ኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ ወዲህ የተወለዱ ልጆች ዛሬ ወልደው ወደ ቤታችን እየመጡ ነው። የናንተ ዳታቤዝ ግን ግማሹ እዚያው ቀርቷል። አንዲት እናት በቅርቡ ያሳደሱት ወረቀት ላይ በስማቸው ፋንታ «??????» ታትሞ ወጣ። ይዘውት ባንክ ሄዱ። ባንኩም አልቀበልም አለ። ማን ይፈርድበታል? እናንተ ጋ ሲመለሱ ደግሞ «ሲስተሙ ያወጣው ነው፣ እኛ በእጅ መጻፍ አንችልም» ተባሉ።

ፍለጋው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ፀሐይ የሚለውን ስም ውሰዱ። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሃይ እየተባለ ይጻፋል። ኃይለ ማርያምም አንዱ ጋ ተገጥሞ፣ ሌላው ጋ ተለያይቶ፣ በ«ኃ» ወይም በ«ሀ» ይጻፋል። የዛሬ ስንት ዓመት የመዘገበው ሠራተኛ በየትኛው እንደጻፈው ማን ያውቃል? ሲስተማችሁ አንድ ፊደል ከተለየ «መዝገብ አልተገኘም» ይላል። ሰውየው እያለ የለም ይባላል። ስለዚህ ልጆቻችን ሁሉንም አጻጻፍ እየቀያየሩ ይሞክራሉ፤ ሎተሪ ነው። መፍትሔው ከባድ አይደለም። ሲፈለግ ብቻ ሃ፣ ሐ፣ ኀ እና ኃን እንደ ሀ፣ ሠን እንደ ሰ፣ ፀን እንደ ጸ፣ ዐን እንደ አ ቆጥሮ ማመሳሰል ነው። የሰውየው ስም ራሱ በወደደው ፊደል እንደተጻፈ ይቀመጥ። ጥቂት መስመር ኮድ ነው። ዩኒቨርሲቲው ፖሊ ግቢ የሚማሩ ልጆቻችን በአንድ ከሰዓት ይጽፉታል።

ከሁሉም የሚያንገበግበን ግን የልደት ቀን ነው። ቦታው የሚፈልገው የፈረንጅ ካሌንደር ነው፤ ይህን የሚል ጽሑፍ ግን ገጹ ላይ የለም። ሰው የሚያውቀውን ይጽፋል። በ1990 ዓ.ም. የተወለደ ሰው 1990 ብሎ ሲሞላ ሲስተሙ ያለምንም ጥያቄ ይቀበለዋል። ሰውየውም እዚያው ተቀምጦ ሰባት ስምንት ዓመት ያረጃል። ስህተቱ የሚነቃው አልፎ አልፎ ነው። ጳጉሜ የተወለደ ሰው ወሩን 13 ብሎ ሲሞላ «የተሳሳተ ቀን» ይባላል። ጥቅምት 30 የተወለደም ይባረራል፤ ለሲስተሙ 2ኛው ወር ፌብሩዋሪ ነው፣ ፌብሩዋሪ ደግሞ 30 የለውም። አንዲት ጳጉሜ 3 የተወለደች ደንበኛችን እምቢ ሲላት እናንተ ጋ ደወልን። ስልኩን ያነሳው ሠራተኛ «ነሐሴ 30 በሉትና እለፉ» አለን። አልን፣ አለፍን። አሁን የናንተ ወረቀት ሌላ፣ ፋይዳዋ ሌላ ሆኖ ሌላ መሥሪያ ቤት አልስተናገድሽም ብሏታል። ለማስተካከል ማመልከቻ አስገቢ ተባለች። ማመልከቻው የሚገባው የት መሰላችሁ? በዚያው ሲስተም።

ከአንዱ ካሌንደር ወደ ሌላው መቀየር የታወቀ ስሌት ነው። የዛሬዎቹ ብሮውዘሮች ውስጥ የኢትዮጵያ ካሌንደር ራሱ ተካቶ አለ። 13 ወር ያለው መምረጫ አስቀምጣችሁ፣ የፈረንጁን ሲስተሙ ራሱ ከጀርባ ያስላው። ሰው ስለ ልደቱ የሚያውቀውን ብቻ ጠይቁት።

ከዘጌ በጀልባ የመጡ አንድ አባት ነበሩ፤ ቡና የሚነግዱ። ወረቀታቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ ፌስታሉን በጋቢያቸው ሸፍነው ገቡ። ፎርማችሁ ብዙ ገጽ ነው። መሃል ላይ አንድ ቁጥር ጠፋ። እሳቸው ልጃቸው ጋ ይደውላሉ፣ ልጁ ቤት ሄዶ ይፈልጋል፣ ኔትወርክ ይቆራረጣል። ቁጥሩ ተገኝቶ ሲሞላ «ጊዜዎ አልቋል፣ እንደገና ይግቡ» አለ። የተሞላው ሁሉ ጠፋ። ፒኤችፒ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተሠራ ሲስተም ማንም ካላስተካከለው ሰውን የሚያስታውሰው ለ1,440 ሰከንድ ነው፤ 24 ደቂቃ መሆኑ ነው። የናንተም ከዚያ የተለየ አይመስልም። እንደገና ስንጀምር መብራት ሄደ። ሲመጣ ጀልባው ሄዷል። አባታችን ዘመድ ቤት አደሩ። እኛ ያን ቀን ገንዘብ አልተቀበልናቸውም፤ እሳቸው ግን ቡና ካላስወሰድኳችሁ ብለው ተቆጡ።

እያንዳንዱ ገጽ ሲያልቅ የተሞላውን ረቂቅ አድርጎ የሚያስቀምጥ ሲስተም ቢሆን ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር። መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ከተማ ይህን የማያውቅ ፎርም መሥራት አይቻልም።

ፎቶ ማያያዣውን በአጭሩ እንለፈው። ከ2 ሜጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ ለምን እንደማይቀበል ግን አይናገርም፣ ገጹ ባዶ ነጭ ይሆናል። የዛሬ ስልክ የሚያነሳው ፎቶ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይበልጣል። ሰው ሲስተሙ ሞተ ብሎ ይሄዳል። ክፍያውም እንዲሁ ነው። ቴሌብር ከገባ ዓመታት ቢቆጠሩም እናንተ ጋ ባንክ ተሰልፎ፣ ደረሰኝ አስመትቶ፣ ስካን አድርጎ መላክ ነው።

በስልክ መክፈትማ አይታሰብም። ገጹ የተሠራው ለሰፊ ኮምፒውተር ነው። በስልክ ሲከፈት ፊደሉ ጉንዳን ያክላል፤ ሲያሰፉት ደግሞ «ላክ» የሚለው ቁልፍ ከስክሪኑ ውጭ ይቀራል። ከኛ ደንበኛ ብዙው ያለው ስልክ ብቻ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም አንረሳውም። ያኔ የመስመር ኢንተርኔት ያለን ቤቶች በር ላይ የነበረውን ወረፋ ብታዩት «ኦንላይን ብቻ» የሚል ማስታወቂያ ከመለጠፋችሁ በፊት ሁለቴ ታስቡ ነበር። የወረቀት መስኮት ለክፉ ቀን ያስፈልጋል።

አንድ ዓይነ ስውር መምህር ደንበኛችን አለ። ኮምፒውተር ከብዙዎቻችን በተሻለ ይጠቀማል። ኤንቪዲኤ የሚባለውን ነጻ የስክሪን አንባቢ ጭኖ ኢሜይሉን ይጽፋል፣ ጥናቱን ይሠራል። የናንተ ገጽ ላይ ሲደርስ ግን ማሽኑ «ምስል፣ ምስል፣ ምስል» ብቻ ይለዋል። ቁልፎቹ ሁሉ ጽሑፍ የሌላቸው ሥዕሎች ናቸው። ለመግባት ደግሞ የተጣመሙ ፊደሎችን አይቶ መገልበጥ አለበት። አይቶ! በመጨረሻ ፓስዎርዱን ለኛ ሠራተኛ በቃሉ ነገራት። ሌሎች ደንበኞች አጠገባቸው ቆመው ነበር። ገጽን ለሁሉም ሰው እንዴት መሥራት እንደሚገባ የሚናገረው ዓለም አቀፍ የተደራሽነት መመሪያ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ 2.2 የተባለው እትም በ2023 ወጥቷል። አገራችንም የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች። መምህሩ ይህንን ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። እኛም የሰማነው ከሱ ነው።

አሁን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን የምንናገረው ጉዳይ አለ። ገጻችሁ እስካሁን የሚከፈተው ኤችቲቲፒኤስ በሌለው አድራሻ ነው። ይህ ማለት አንድ ሰው ፓስዎርዱን ሲያስገባ ከኛ ቤት እስከ ሰርቨራችሁ ድረስ ሳይመሰጠር በግልጽ ይሄዳል ማለት ነው። በአንድ ዋይፋይ ላይ ያለ ክፉ ሰው ሊያነበው ይችላል። ክሮም እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2018 ጀምሮ እንዲህ ያለውን ገጽ ሁሉ «ደኅንነቱ ያልተጠበቀ» እያለ ያስጠነቅቃል። ደንበኛ አይቶ «ይሄ ምንድን ነው?» ሲለን «ምንም አይደለም፣ የመንግሥት ነው» እያልን እናሳልፋለን። ይህን ማለት ሰልችቶናል። ለኤችቲቲፒኤስ የሚያስፈልገውን የምስክር ወረቀት ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለ ድርጅት በነጻ ይሰጣል። በጀት አይጠይቅም፣ ግዥ አይጠይቅም።

ሌላም አለ። አንድ ሰው የሌላውን ሰው ፋይል ማየት የሚችልበት ክፍተት ሲስተሙ ላይ አለ። እንዴት እንደሆነ እዚህ አንጽፍም። በደብዳቤ አሳውቀናችኋል፤ መልስ አላገኘንም። ዛሬም ብትጠሩን መጥተን በአካል እናሳያለን። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የሰው መረጃ የያዘ አካል የመጠበቅ ግዴታ አለበት ይላል። እናንተ ይህን ለኛ ልታስተምሩን ይገባ ነበር።

የምትሰጡንን መልስ እናውቀዋለን። «ችግሩ የኔትወርክ ነው» ትላላችሁ። አንዳንዴ እውነት ነው። ግን የናንተ ገጽ አልከፍት ባለበት ሰዓት፣ በዚያው መስመር፣ አጠገቡ ያለው ልጅ ቪዲዮ እያየ ነው። «በጀት የለም» ትላላችሁ። ከዘረዘርናቸው ውስጥ ስንቶቹ በጀት እንደሚፈልጉ ቁጠሩልን። «የሠራው ድርጅት ጠፍቷል» የሚለውን ግን እናምናለን። ስለዚህ አንድ ጥያቄ አለን፦ ሶርስ ኮዱ፣ ማለትም ሲስተሙ የተጻፈበት ኮድ፣ በማን እጅ ነው? በእጃችሁ ከሌለ ሲስተሙ የናንተ አይደለም።

ደግሞ እባካችሁ «ሁሉንም አፍርሰን አዲስ እናሠራለን፣ በአንድ ቀን እናስመርቃለን» እንዳትሉን። ሪባን መቁረጥ ሲታሰብ ነው የምንሰጋው። አሜሪካኖች ኸልዝኬር ዶት ጎቭ የተባለውን የጤና መድን ገጽ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 2013 በአንድ ጊዜ ለሕዝብ ሲከፍቱት በመጀመሪያው ቀን ተመዝግበው የጨረሱት 6 ሰዎች ነበሩ። እነሱ ገንዘብም ባለሙያም አላጡም። ማርቲን ፋውለር የተባለ የሶፍትዌር ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2004 የጻፈው ሌላ መንገድ አለ። ሐሳቡን ያገኘው አውስትራሊያ ጫካ ውስጥ ካየው ዛፍ ነው፤ የሾላ ዘመድ ነው፣ ሌላ ዛፍ ላይ ይበቅልና ሥሩን ወደ መሬት እየሰደደ ቀስ በቀስ ይተካዋል። ሲስተምም እንዲሁ ይታደሳል። አሮጌው እየሠራ አንዱን ክፍል በአዲስ ትተካላችሁ። ዛሬ መግቢያው፣ ከዚያ የልደት ቀኑ፣ ከዚያ ክፍያው። አንዱ ቢበላሽ ሁሉም አይቆምም፤ የድሮውን መልሳችሁ እስክታስተካክሉት ሰው ይስተናገዳል።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ይህን ነው።

ሲስተሙ በወጉ እስኪሠራ ድረስ የወረቀት መስኮቱ ይከፈት። አንድ ሠራተኛና አንድ ወንበር በቂ ነው። በተለይ ከዘጌም ሆነ ከደቅና ከሌሎቹ ደሴቶች በጀልባ ለሚመጣ ሰው፣ ለአዛውንትና ለአካል ጉዳተኛ ቅድሚያ ይሰጥ።

ኤችቲቲፒኤስ በዚህ ወር ይገባ። የነገርናችሁ ክፍተት ደግሞ ነገ ሳይሆን ዛሬ ይዘጋ። መረጃቸው ታይቶ ሊሆን የሚችል ሰዎች ካሉም ይነገራቸው።

የልደት ቀኑ መምረጫ በኢትዮጵያ ካሌንደር ይሁን። እስከዛሬ በስህተት የተመዘገቡ ቀኖችንና የጥያቄ ምልክት የሆኑ ስሞችን ባለጉዳዩ መታወቂያውን ይዞ ሲመጣ በነጻ አስተካክሉለት። ስህተቱ የሱ አይደለም፤ ቅጣትም የአገልግሎት ክፍያም ሊጠየቅ አይገባም። ጳጉሜ የተወለደችዋ ልጅ ጉዳይ መጀመሪያ ይታይልን፤ ሥራ ልትቀጠር ነው።

አዲስ ነገር ከመክፈታችሁ በፊት በርካሽ ስልክ፣ በደካማ ኔትወርክ፣ በኛ ቤት ውስጥ ሞክሩት። ቦታውን በነጻ እንሰጣለን፤ ሻይም አለ። መምህራችንንም ጥሩት፤ እሱ ያለ ሰው እርዳታ ጨርሶ ሊልክ ካልቻለ አትክፈቱት። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውቲንግ ተማሪዎች ለልምምድ ቦታ ሲፈልጉ እናያለን፤ እነሱንም አስቡ።

ከእንግዲህ ከማንም ጋር ውል ስትፈርሙ ሶርስ ኮዱና የዳታቤዙ ግልባጭ በእጃችሁ እንዲገባ፣ በየዓመቱም የማደስ ሥራ እንዲኖር ውሉ ላይ ይጻፍ። ሲስተሙ ሲቋረጥ ደግሞ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ በስልክ አጭር መልእክትም ሆነ በራችሁ ላይ አሳውቁ። ባለጉዳዩ ጀልባ ከመሳፈሩ በፊት ይወቀው።

መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን። ለስብሰባ ብትጠሩን እንመጣለን፤ «አያት»ንም ይዘን መምጣት እንችላለን።

ከአክብሮት ጋር

በባሕር ዳር ከተማ የኢንተርኔት፣ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤቶችና ሠራተኞች
በጸሐፊያቸው በኩል